የሦስት ወር ዒድ

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ክረምቱን ሐይቅ ዳር በተከራየው ጎጆ ያሳለፈ የመጀመሪያው ቤተሰብ የእኛ ሳይሆን አይቀርም። ይህን የምለው መዝገብ አገላብጬ ሳይሆን፣ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ጤነኞች እንደነበሩ ስለማምን ነው። ሰማይ ራሱ ወደ ምድር መፍሰስ በሚጀምርበት በሰኔ መጨረሻ፣ ተጨማሪ ውሃ ለማየት ቀኑን ሙሉ በጭቃ መንገድ መንገላታት የሰከነ አእምሮ ውሳኔ አይደለም። እኛ ግን ሄድን። ጎረቤቶቻችን ጃንጥላ ዘርግተው «ዳይሬክተሩ ቤተሰቡን ሊያዝናና ነው» እያሉ ሸኙን። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩና ቅናታቸውን፣ ንጉሥ ግብር እንደሚቀበል፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ተቀበልኩ።

ነገሩ የተጀመረው በአያቴ ክፍል ነው። አያቴ ሸህ ሰዲቅ፣ የአባቴ አባት፣ በግቢያችን ጥግ ባለችው ክፍል የሰፈሩን ልጆች ቁርአን ያቀሩ ነበር። ያን ቀን ተማሪዎቻቸውን ከወትሮው ቀድመው አሰናበቱ፤ አባቴና እናቴ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። እኔ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ ትምህርቴ የተጻፈበትን የእንጨት ሉሕ በውሃ እያጠብኩ ነበር። ጥቁሩ ቀለም በክንዴ ላይ ይወርዳል፤ ጆሮዬ ግን መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል።

«ቃሉ ካፍህ ወጥቷል፣ ከማሉዲን» አሉ አያቴ።

«በንዴት ነው እኮ፣ አባ!»

«ንዴት አፍ የለውም። አፉ ያንተ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ አንዴ ብቻ ነው ያልከው። እንግዲህ ሦስት ወር ዒዳ አለ። እሷም ከቤትህ አትወጣም፤ አንተም አታስወጣትም።»

እኔ የሰማሁት «ሦስት ወር ዒድ አለ» የሚል ነበር። ሉሔን ጥዬ ወደ ጓደኛዬ ወደ ሙስሊማ በረርኩ። በሌላው ሰው ቤት ዒድ አንድ ቀን፣ ሲበዛ ሦስት ቀን ነው፤ በእኛ ቤት ግን አባቴ ዳይሬክተር፣ አያቴም ሸህ ስለሆኑ ሦስት ወር ሊሆን ነው። ሙስሊማ «ጾሙ መች ገብቶ ነው?» ብላ ተከራከረች። «ይሄ የመንግሥት ሠራተኛ ዒድ ነው» አልኳት። ተረታች።

ዒዳ የተፈታች ሴት የምትጠብቀው ጊዜ መሆኑን ያወቅሁት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። «ፈትቼሻለሁ» ያለው አንዴ ብቻ ከሆነ፣ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ባልየው አንዲት ቃል ተናግሮ ሊመልሳት ይችላል፤ የእሷን እሺታ መጠበቅ የለበትም። ካለቀ በኋላ ግን ሴትየዋ የራሷ ናት። ቆጠራው በወር አበባዋ ስለሆነም፣ የሦስተኛውን መምጫ ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም። አያቴ ይህን በምራታቸው ፊት መዘርዘር ስላሳፈራቸው «ሦስት ወር» ብለው በጨዋነት አለፉት።

የፍቺው ምክንያት ትምህርት ነበር። አባቴ በየዓመቱ መስከረም፣ በሚመራው ትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆሞ፣ ስለ ሴት ልጅ መማር ጥቅም ልብ የሚነካ ንግግር ያደርግ ነበር። እናቴ ፈዲላ ንግግሩን ከሚገባው በላይ አመነችው። በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ሳታማክረው ተመዝግባ፣ ደሴ ከሚገኝ የነርሶች ማሠልጠኛ «በጥቅምት ገብተሽ ትምህርት ጀምሪ» የሚል ደብዳቤ መጣላት። ተናጋሪው ደብዳቤውን ባየ ቀን አድማጩን ፈታት። እሷ ልትጠይቀው ያልደፈረችውን ቃል እሱ ራሱ፣ ያለ ማንም ጎትጓች፣ አስረከባት ማለት ነው። ዒዳው ካለቀ ጥቅምት ደሴ ናት። እኔም አብሬያት እንድሄድ ከወንድሟ ጋር አስቀድማ ተነጋግራ ነበር።

ከሙስሊማ ዘንድ ስመለስ ክርክሩ ወደ ቦታ ተሸጋግሯል።

«እዚህ ግቢ ውስጥ?» ይላል አባቴ። «አጥሩ ሁሉ ዓይን ነው! ‹ፈትቷት አብሯት ያድራል› እንዲሉኝ ነው? በዚያ ላይ የመምህራን ስብሰባ አለ…»

«የተከራየኸውም ቤት ቤትህ ነው» አሉ አያቴ። «ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ራቅ በሉ።»

አባቴ አንድ ጊዜ ለሥልጠና ሐይቅ ከተማ ተልኮ ሦስት ቀን ዓሣ ሲበላ ከርሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ውሃው የሚያወራው ራሱ እንደቆፈረው አድርጎ ነው። ወዲያው «ሐይቅ!» አለ። እናቴ በዚያ ሁሉ ሸንጎ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ስትናገር ሰማኋት፦ «በሩ ለየብቻ ከሆነ የትም እሄዳለሁ።»

«ቤቱን መርዋ ትምረጥ» አሉ አያቴ። «እናንተ በምንም አትስማሙም። ልጅቱ የመረጠችው ይሁን።»

ሁለቱም ተስማሙ፤ እኔ የማደላው ለእያንዳንዳቸው መስሏቸው ነበርና። ሲወጡ አያቴ ጠሩኝ። ከሣጥናቸው ሦስት ፍሬ ተምር አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ቤት ስታዪ መስኮቱ፣ ጣሪያው አያሳስብሽ። በሩን ቁጠሪ። ሁለት በር ካለው በረካው ባንዱ ገብቶ ባንዱ ይወጣል። አንድ በር ያለውን ያዢ። ለማንም አትንገሪ እሺ?»

አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ ድረስ ከሦስት ፍሬ ተምር በላይ ዋጋ የተከፈለበት ምስጢር ጠብቄ አላውቅም።

በአውቶቡሱ አባቴ ከሾፌሩ ጀርባ፣ እናቴ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፤ እኔ በመካከል እንደ ፖስታ ቤት ተተከልኩ። «መርዋ፣ ለአባትሽ ብርድ ልብሱ እኔ ጋ ነው በዪው።» «መርዋ፣ ለእናትሽ አልበረደኝም በያት።» አቀስታ ስንደርስ ጉሙ መስኮቱን እንደ ጥጥ ደፍኖት፣ አባቴ ጥርሱ እየተንገጫገጨ አልበረደኝም ይል ነበር። እኔም ወደ ኋላ ሄጄ እናቴ ጉያ ተሸጎጥኩና የልቤን ጠየቅኋት።

«እምዬ፣ ዒዱ እውነት ሦስት ወር ነው?»

«የምን ዒድ?»

«አባ ሸህ ያሉት ነዋ። ሦስት ወር ዒድ አለ ብለዋል።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ተሳፋሪው እስኪዞር ድረስ ሳቀች። ከስንት ሳምንት ወዲህ ጥርሷን ማየቴ ነበር።

«አዎ» አለችኝ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። «ዒድ ነው፣ የኔ ልጅ። ወላሂ ዒድ ነው።»

የጎጆዎቹ ባለቤት እትዬ ሸጋዬ ይባሉ ነበር፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በጭቃው ላይ የሚራመዱ ሴት። ገና ከሩቅ ሲያዩን ተቀበሉን።

«መርሐባ! ኑ፣ ዝናቡ ሳይበላችሁ! ጎጆ ሦስት አለኝ፤ ባል ግን አንድም የለኝ፤ ስለዚህ ሁሉም ንጹሕ ናቸው።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ረጅም ዕረፍት ላይ ነን» አለ በዳይሬክተር ድምፁ። «ጸጥታ ያለው እንፈልጋለን።»

«ታዲያ ማን ይመርጣል? እርስዎ ወይስ እመቤቲቱ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ማሻአላህ! ይሄ ነው ቤት ማለት።» ቀልደው ነበር። የቀለዱት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ሳቁም የእሳቸው ብቻ ሆነ።

የመጀመሪያው ጎጆ ከመኪና መንገዱ ዳር ሆኖ ባለቤቲቱ ሽንኩርት አከማችተውበታል፤ አስነጥሶኝ ወጣሁ። ሁለተኛው ከፍ ካለ ቦታ ላይ የቆመ ረዘም ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ሁለት በር፣ በመካከሉ ደረቅ ግድግዳ። ካንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመሄድ ውጪ ወጥቶ መዞር ግድ ነው።

«ይቺ ለሚኳረፉ ሰዎች ናት» አሉ እትዬ ሸጋዬ። «እናንተማ ምን ታደርግላችኋለች!»

እናቴ ግን ገብታ ነበር። የወዲያኛውን በር ከፈተችው። በሩ ሐይቁን አያሳይም፤ የሚያሳየው ወደ ደሴ የሚወስደውን ጥቁር መንገድ ነው። መቃኑን ይዛ ቆማ በረጅሙ ተነፈሰች። ውሃ ለማየት ስንት አገር አቋርጦ መጥቶ ለመንገድ ፊቱን የሚሰጥ ሰው ምን ዓይነት ነው ብዬ ታዘብኳት።

«መርዋ» አለች ሳትዞር፣ ቀስ ብላ። «ይቺ አትሻልም?»

እናቴ ከእኔ አንድ ነገር ስትለምን የመጀመሪያዋ ነበር። እኔ ደግሞ በሮቹን እየቆጠርኩ ነበር። አንድ። ሁለት። በረካው እንደ ጭስ በወዲያኛው በር ሹልክ ብሎ ወደ ደሴ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት።

«ሌላዋን እንይ» አልኩ።

ሦስተኛዋ ውሃው ጫፍ ላይ ነበረች። አንድ ክፍል፣ አንድ በር። ከደፏ ላይ ቆሞ ጠጠር ቢወረውሩ ጠብ የሚለው ሐይቅ ውስጥ ነው። ጀልባ፣ ደንገል፣ ነጫጭ ወፎች፣ የዓሣ ሽታ፣ ለአንድ ልጅ የሚያስፈልገው ሁሉ ነበር።

«ጣሪያዋ ትንሽ ታለቅሳለች እንጂ ደግ ናት» አሉ እትዬ ሸጋዬ።

«ይቺ!» አልኩ።

አባቴ «በቃ፣ ልጅቱ መረጠች» አለ። ድምፁ ውስጥ የነበረውን ነገር ያኔ ኩራት ነው ብዬ ነበር። እናቴ አየችኝ። «እሺ» አለች። በቋንቋችን ውስጥ ከዚያ በላይ ብዙ ነገር የተቀበረበት ባለ ሁለት ፊደል መቃብር አላውቅም።

ክፍሉን በአንሶላ ለሁለት ከፈሉት። ከበሩ በኩል ያለው የአባቴ፣ ከግድግዳው በኩል ያለው የእናቴና የእኔ ሆነ። ወላጆቼ ለሁለተኛ ጊዜ ጎጆ ወጡ ማለት ነው፤ ያውም ሚዜውም ምስክሩም ወኪሉም እኔ ሆኜ። ዝናቡ ሲጀምር ጣሪያው በትክክል በአባቴ አልጋ በኩል ያለቅስ ነበር። «መርዋ፣ ለእናትሽ ድስት ታቀብለኝ በያት።» ድስቱ በአንሶላው ሥር ይወጣል። «መርዋ፣ ለአባትሽ ድስቱን እንዳይደፋው በዪው።» እናቴ ከወዲህ የባዮሎጂ መጽሐፍ ታነባለች፤ አባቴ ከወዲያ ጠብታውን እየሰማ፣ ዓመት ያለፈበትን ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነባል። እኔ ከሁለቱም በላይ ደስተኛ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ዕረፍት አላሳለፍኩም፤ ለዚህም ነው ታሪኩን ስጽፍ የምቅለሰለሰው።

እናቴ ከአልጋችን ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ፣ በከሰል አንድ ክብ ሣለች። ጥቂት ሳምንት ቆይታ ሁለተኛ ክብ ከጎኑ ጨመረች።

«ምንድን ነው እምዬ?»

«ጨረቃ ነው» አለች። ዒድ በጨረቃ ካልሆነ በምን ሊታወቅ ነው? ሙሉ በሙሉ ገባኝ።

«ሦስተኛዋ ስትወጣስ?»

«ሦስተኛዋ ስትወጣማ ያልቃል።» እንዲህ ስትል ፊቷ ላይ አንድ ብርሃን አለፈ። ዒድ ሲያልቅ የሚያዝን እንጂ የሚደሰት ሰው አላየሁምና፣ የኔን ኀዘን ለማቅለል የምታስመስል መሰለኝ። አሳዘነችኝ።

ቀኑ ነሐሴ መጨረሻ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላቋረጠም። ባለ ሁለት በሯ ቤት ብንሆን ኖሮ አባቴ በራሱ ክፍል፣ እኔም ወደ እሱ ለመሄድ በዝናብ መዞር ሰልችቶኝ በእናቴ ክፍል እቀመጥ ነበር። በዚህች ግን አንሶላውን ገለጥ ማድረግ ብቻ ነው። እናቴ ልብስ ልታጥብ እትዬ ሸጋዬ ዘንድ ሄዳለች። አባቴ አልጋው ላይ፣ ድስቱን በጉልበቱ መካከል ይዞ፣ እንደ ረጠበ ዶሮ ኩምትር ብሏል። ያሳዝን ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያሳዝነኛል። ላጽናናው ፈለግሁ።

«አብዬ፣ ዒዱ እኮ ሊያልቅ ነው።»

«የምን ዒድ?»

«ሁለት ጨረቃ ወጥቷል። ሦስተኛዋ ዛሬ ነገ ትወጣለች ብላለች እምዬ። ስትወጣ ያልቃል።»

ድስቱ ከጉልበቱ ወደቀ። ውሃው በወለሉ ሲሄድ አንሶላውን ገልጦ ገባና ራስጌያችን ያሉትን ሁለት ክቦች አያቸው። ዳይሬክተር ነበርና ቁጥር ቶሎ ይገባዋል። በዚያው ቅጽበት እናቴ የረጠበ ልብስ የሞላ ዘንቢል በጀርባዋ አዝላ ደረሰች። ከኋላዋ ዓሣ ሊሸጡ የመጡ ሁለት ሰዎች ከዝናቡ ለመጠለል ተከትለዋት ገቡ። አንድ በር ነበርና ሁላችንም አንድ ላይ ሆንን።

«አሰላሙ ዐለይኩም!» አሉ ዓሣ ሻጮቹ።

«ወዐለይኩም ሰላም። በደኅና ጊዜ መጣችሁ» አለ አባቴ። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሰንደቅ ዓላማ ሥር እንደሚቆመው። ከዚያ፣ ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለ እኔ አማካይነት እናቴን አናገራት።

«ፈዲላ፣ መልሼሻለሁ። እናንተም ምስክር ሁኑ።»

ዓሣ ሻጮቹ ተያዩ። አንደኛው ረጠብ ያለ ቀረሶ ዓሣ በእጁ እንዳንጠለጠለ «አላህ ያስማማችሁ» አለ። ዓሣው ጅራቱን አንዴ አወናጨፈ።

እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። መልሼሻለሁ ማለት ወደ መካነ ሰላም እመልስሻለሁ ማለት ነው። ዒዱ ሳያልቅ፣ ሦስተኛዋ ጨረቃ ሳትወጣ፣ ጀልባውም ወፉም ሊቀርብኝ ነው። መሬት ላይ ተንከባለልኩ።

«አንመለስም!» ብዬ ጮኽኩ። «እምዬ፣ አንመለስም በዪው! እኔ አልመለስም! አንመለስም!»

ሰዎቹ ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ እፎይ ያለ ሰው ሳቅ ነበር። እናቴ ዘንቢሉን አስቀመጠች። ጉንጯ ላይ ውሃ ይወርዳል፤ ዝናብ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቀጥሎ ደግሞ ለሐይቁ አብራኝ የምታለቅስ መሰለኝና ወደድኳት። በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበሩት አምስት ሰዎች መካከል የእሷን ቃል የተናገርኩላት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ምን እንደምል አላውቅም ነበር እንጂ።

«ተዪ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። ወደ ራስጌያችን ሄደች፣ መዳፏን ጣሪያው ካለቀሰው ውሃ ነከረችና ሁለቱን ጨረቃዎች አጠበቻቸው፤ ልክ ልጅ ሉሑን እንደሚያጥብ። ጥቁሩ በክንዷ ላይ ወረደ።

በሦስተኛው ቀን መካነ ሰላም ነበርን። ጎረቤቱ «ዕረፍት እንዴት ነበር?» ሲል አባቴ ስለ ሐይቁ ጥልቀት ያስረዳል። በመስከረም ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆሞ ስለ ሴት ልጅ መማር የተለመደውን ንግግር አደረገ፤ እንደ ወትሮው ተጨበጨበለት፤ እኔም አጨበጨብኩ። የማሠልጠኛው ደብዳቤ ወፍራምና ጥሩ ወረቀት ስለነበር እናቴ የሒሳብ ደብተሬን ሸፈነችበት። በዚያ ዓመት አንደኛ ወጣሁ። አያቴ በልጅ ልጃቸው ብልህነት ረክተው፣ ስለ በር ቆጠራው ለማንም ሳይናገሩ፣ በሰላም አረፉ።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር። ሃያ ዓመት አብረው ኖሩ። አልተደባደቡም፤ ጎረቤት ሆኑ። እናቴ የሰፈሩን የመድኃኒት ካርቶን የምታነብ፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ሁሉ የሚወሰድላት፣ ግን ነርስ ያልሆነች ሴት ሆነች። የከሰሉን ጨረቃዎች ምስጢር የነገረችኝ እኔ ሳገባ ነው፤ ያውም ሳትወቅሰኝ፣ ወጥ እያማሰለች። «ልጅ ነበርሽ» አለችኝ። ወቅሳኝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር።

አምና አባቴ ሞተ። እናቴ የባል የሞተባትን ሴት ዒዳ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን፣ በቤቷ ተቀመጠች። ባለቀ ማግሥት ልጠይቃት ሄድኩ። ወዴት ልውሰድሽ፣ ምን ላድርግልሽ አልኳት፤ ወትሮ «ምንም» የምትል ሴት ናት።

«ያች ባለ ሁለት በሯ» አለች። «አለች ይሆን?»

ነበረች። እትዬ ሸጋዬም ነበሩ፤ አርጅተዋል፣ ጫማቸውን አሁን እግራቸው ላይ ያደርጉታል። ባለ አንድ በሯ ጎጆ ፈርሳ በቦታዋ ደንገል በቅሏል። እናቴ ሳትጠየቅ ወደ ዳገቱ ወጣች፤ አንደኛውን በር ከፈተች፤ ዞራ ሄዳ ሁለተኛውን ከፈተች። ነፋሱ ከሐይቁ ተነሥቶ በየክፍሉ ገባ።

«በረካው ሊወጣ ነው» አልኳት፤ ላስቃት ብዬ።

«ይውጣ» አለች። «ትንሽ ዞሮ ይመጣል።»

«የትኛው ክፍል ይሁንልሽ?»

«ሁለቱም።» ወንበር ወደ ወዲያኛው በር ሳበች፤ ወደ ደሴ መንገድ ፊቷን አድርጋ ተቀመጠች። እትዬ ሸጋዬ ከበስተኋላዬ እያለከለኩ ደረሱ።

«ለስንት ቀን ላዘጋጅላችሁ?»

«ሦስት ወር» አለች እናቴ፣ ሳትዞር።

«ሦስት ወር ሙሉ? ምን ተገኘ?»

እናቴ ዞረች። አየችኝ፤ ጥርሷን አየሁት፤ ያኔ በአቀስታው ጉም ውስጥ እንዳየሁት።

«ዒድ ነው» አለቻቸው።

«ኧረ እንኳን አደረሰሽ!» አሉ እትዬ ሸጋዬ።